አሮጌ አይሱዙ ማስቀባት፦ የአራት ቀኑ ይሻላል የሦስት ሳምንቱ?

ያው አንዷ የአይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ናት። አንዱ ጋራዥ «በአራት ቀን ውሰዷት» ይላል። ሁለተኛው ሦስት ሳምንት ይጠይቃል፤ ዋጋውም የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ነው። ሦስተኛው ዞር ዞር ብሎ ካያት በኋላ «ይቺን የቸገራት ቀለም አይደለም፣ ላሜራ ነው» ብሎ ወደ ሻዩ ይመለሳል።

እኔና ወንድሜ አሮጊቷን አይሱዙ ይዘን ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ስንዞር የገጠመን ይኸው ነበር። የአራት ቀኑን መረጥን። ወሩ ደግሞ ነሐሴ። ስትወጣ ሙሽራ መስላ ነበር። ጥር ላይ ከፊት መስታወቱ ጎማ ሥር ቀለሙ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተክ ጀመር። ፋሲካ ሳይደርስ የግራው በር ታችኛው ጫፍ ላይ የተለሰነው ስቱኮ (የጎድጓዳ መሙያው ልስን) እንዳለ ተገንጥሎ ወደቀ። በቀዳዳው አስፋልቱ ይታያል። በኋላ እንደገና አስቀባናት። እንግዲህ ሁለቴ ከፍሎ የተማረ ሰው ምክር ነው ይህ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ጥሩ የሚባለው ቀለም፣ ማጠንከሪያው ሃርድነርና ማቅጠኛው ቲነር በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የሰማችሁት ዋጋ ከወር በኋላ ላይገኝ ይችላል። ብሩ ምን ላይ እንደሚውል ግን ቶሎ አይለወጥም። እሱን ካወቃችሁ ማንኛውንም ዋጋ መመዘን ትችላላችሁ።

ከቀለሙ ሥር ያለው

አንድ ጎበዝ ቀቢ የአይሱዙ ጋቢና ውጩን ለመርጨት ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ቀለሙም ቢሆን እንደ አሸፋፈኑ 3 ወይም 4 ሊትር ቢፈጅ ነው። ታዲያ ሦስት ሳምንቱ የት ይገባል?

ከመርጨቱ በፊት ነው የሚገባው። የፊት መስታወቱ ከነጎማው ይወጣል። መብራት፣ እጀታ፣ ስፖኪዮ ይፈታል። ምንጣፉ ይነሳል፤ የአይሱዙ ወለል የሚበሰብሰው እዚያ ሥር ነውና። ባቲላሜራው (የላሜራ ሠራተኛው) የዛገውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል። ከዚያ የዝገት መከላከያው አንቲራስት፣ ስስ ስቱኮ፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው ፕራይመር። በየመሀሉ መፈግፈግ አለ፤ ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80 ይጀመርና በ180፣ በ320 እያለ ከመጨረሻው ቀለም በፊት 400 ወይም 600 ላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ቀለሙ ካረፈበት በኋላ አይታይም።

የአራት ቀኑ ሥራ የሚረክሰው ይህንን ስለሚዘል ነው። መስታወቱ አይወጣም፤ ጎማው ላይ ጋዜጣና ፕላስተር ይለጠፍና ዙሪያው ይረጫል። ጎማው ሥር ያለው ዝገት እዚያው ይቀራል። የበሩ ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈናል። ቀለሙ ራሱ የአንደኛ ደረጃ ቢሆንም የሚጣበቀው በዝገት ላይ ነው። ዝገት ሲረግፍ እሱንም ይዞት ይረግፋል።

ስለ ስቱኮ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ስቱኮ የሚሠራው ትንሽ ጎድጓዳን ለማስተካከል ነው። ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር በላይ ሲወፍር በመንቀጥቀጥ ይሰነጠቃል፤ አይሱዙ ደግሞ በኮረኮንች ስትሄድ ምን ያህል እንደምትንቀጠቀጥ ታውቃላችሁ። ውኃም ይመጣል። ተለስኖ ፕራይመር ሳይደርብ ዝናብ ላይ ካደረ ያንን ውኃ ውስጡ ይዞ ይቀባል። ከወራት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ያብጣል። የኛዋ የተንተከተከችው አንዱ በዚህ ነው።

ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። በሩ ላይ፣ የጋቢናው ማዕዘን ላይ፣ ደረጃው አካባቢ አስጠጉት። የሚይዝበት ቦታ ብረት ነው። የሚንሸራተትበት ቦታ ስቱኮ ወፍሯል። የተቀባች አሮጌ መኪና ለመግዛት ስትሄዱም ይቺን ማግኔት አትርሱ። ሻጩ ትንሽ ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

የመጀመሪያው ጭራሽ አለማስቀባት ነው። ጋቢናውን በእጃችሁ አሹት። ነጭ ዱቄት ከያዘ ቀለሙ በፀሐይ ደርቋል እንጂ አልሞተም። ፕራይመሩ ካልታየና ዝገት ካልፈነዳ በኮምፓውንድ አሽቶ ፖሊሽ ማድረግ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይወስዳል። ከሁሉም ርካሹ ይኸው ነው። አዲስ አይመስልም፤ ግን ንጹሕ ይሆናል። ለሥራ መኪና ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል የሚል ባለቤት ቢኖር አልከራከረውም።

ሁለተኛው ናይትሮ የሚባለው ቀለም ነው። ቲነሩ ሲተን ይደርቃል፤ በደቂቃዎች ውስጥ እጅ አይዝም። የአራት ቀን ጋራዦች የሚወዱት ለዚህ ነው። አቧራ ሳያርፍበት ይደርቃል፣ ጉድለቱም በፖሊሽ ይስተካከላል። ችግሩ ቲነር ምንጊዜም መልሶ ያሟሟዋል። ነዳጅ ሲንጠባጠብበትም ይጎዳል፤ የሳልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) አካባቢ ቶሎ የሚበላሸው በዚህ ነው። ሽፋኑም ስስ ነው። በክረምት እርጥበት ሲረጭ ደግሞ ቲነሩ በፍጥነት ሲተን አየሩ ውስጥ ያለው ውኃ ላዩ ላይ ያርፍና እንደ ጭጋግ ይነጣል። ነሐሴ ላይ በናይትሮ ማስቀባት ማለት ይኸውላችሁ።

ሦስተኛው ሲንቴቲክ የሚባለው ቀለም ነው። ርካሽ ነው፤ በብሩሽም ይቀባል፤ ሲወጣ ያበራል። የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሆነ ግን ዝግ ይላል። አንድ ሌሊት አቧራ ይሰበስባል፤ ውስጡ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐዩ ቀዝቃዛ ቢመስልም ቀለም ይበላል። አፋር ወርዶ ለሚመለስ መኪና ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበታል። ለጋቢና አልመክረውም። ለካሶኒ (ለዕቃ መጫኛው) ግን የምመርጠው እሱን ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

አራተኛው ባለ ሃርድነሩ ነው፤ ቀቢዎች ቱኬ የሚሉት። ቀለምና ሃርድነር እንደ ዓይነቱ ሁለት ለአንድ ወይም አራት ለአንድ ይቀላቀላሉ። ከተቀላቀለ በኋላ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ የተረፈው ቆርቆሮው ውስጥ ይደነድናል። ይህ ቀለም በኬሚካል ስለሚጠነክር ናፍጣ አያሟሟውም፤ ፀሐይንም ከሁሉም የተሻለ ይችላል። ሥሩ በደንብ ከተሠራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ቢቆይ አይገርምም። ቀለሙ ራሱ ከሲንቴቲክ ሁለት ሦስት እጥፍ ሊወደድ ይችላል። ከጠቅላላው ወጪ አንፃር ግን ልዩነቱ ከምታስቡት ያነሰ ነው፤ ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ለጉልበቱ ነውና። በመፈግፈጉ ላይ ይህን ሁሉ ከፍሎ ላዩን በናይትሮ መቀባት ጥሩ ቤት ሠርቶ በሸራ መክደን ነው።

አምስተኛው ያው ባለ ሃርድነሩ ሆኖ በፎርኖ የሚጋገረው ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ፣ በተጣራ አየር ይረጭና በ60 ዲግሪ ገደማ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጋገራል። አቧራ የለም፤ በማግስቱ ትወጣለች። ለቤት መኪና በጣም ጥሩ ነው። ለአሮጌ የጭነት መኪና ግን እንደኔ እንደኔ ትርፍ ነው። አንዳንዱ ፎርኖ ጭራሽ አያስገባትም፤ የተሠራው ለትናንሽ መኪና ነው። ነጭ ቀለም ላይ ሁለት ሦስት አቧራ ቢያርፍ ሲሚንቶ ስትጭኑ ማን ያየዋል?

በነገራችን ላይ ነጭና ሌላ ድፍን ቀለም ላይ ክሊር (ቀለም የሌለው የላይ ሽፋን) መደረብ የግድ አይደለም። ክሊር የሚያስፈልገው ብልጭልጩ፣ ሜታሊክ የሚባለው ነው። «ክሊር ካልተደረበ አያበራም» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን ጋራዥ ለምን ብላችሁ ጠይቁት።

መኪናዋን ከፋፍሏት

ሁሉም ጋራዥ «ሙሉ ቀለም» ብሎ አንድ ዋጋ ይጠራል። ይህንን አልቀበልም። የጭነት መኪና አንድ አካል አይደለችም። ሦስት ናት።

ጋቢናው የምትኖሩበት ነው። ዝገት ከገባበት ወለሉ ይበሰብሳል፣ በሩ አይዘጋም፣ ዝናብ ያስገባል። ገንዘባችሁን እዚህ አፍስሱ። ላሜራው ይሠራ፣ መስታወቱ ይውጣ፣ ባለ ሃርድነር ይቀባ።

ካሶኒው ግን ሥራው መፋቅ ነው። አሸዋ፣ ድንጋይና ብሎኬት የሚጭን መኪና ስፖንዳው (የካሶኒው የጎን ግድግዳ) ላይ ውድ ቀለም መቀባት ገንዘብ መበተን ነው፤ በወሩ ይላጣል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ አንቲራስት ቀቡ፣ ላዩን በሲንቴቲክ በብሩሽ አስመቱ። በየዓመቱ መልሳችሁ መቀባት ትችላላችሁ፤ ረዳታችሁም ይችላል። የውስጥ ወለሉን ጭራሽ ተዉት።

ሻንሲው (ከሥር መኪናዋን የተሸከመው የብረት አጽም) የሚፈልገው መታጠብ፣ መድረቅና ጥቁር አንቲራስት ነው። ማንም አያየውም። ሆኖም ከአፍዴራ ጨው የምትጭኑ ከሆነ፣ ወይም ጅቡቲ ወደብ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ከጋቢናውም በፊት ለዚህ አስቡ። ጨው ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ብረት ይበላል። ከብት የሚጭኑም እንደዚሁ፤ ሽንቱ በወለሉ ስንጥቅ ሻንሲው ላይ ይንጠባጠባል። እነዚህ መኪናዎች ላይ ካሶኒውን ሳያነሱ ሻንሲ «ቀባን» ማለት የሚታየውን ብቻ ቀባን ማለት ነው።

ጋቢናው በጣም ከበሰበሰስ? ያኔ ሒሳቡ ይለወጣል። ወለሉ፣ ደረጃውና የመስታወቱ ሥር ሦስቱም ከሄዱ ያገለገለ ሙሉ ጋቢና ወይም ቢያንስ በር ፈልጉ። ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አንድ ቀን መዋል የባቲላሜራን የሁለት ሳምንት ጉልበት ሊያስቀር ይችላል።

የቆመችበት ቀን

ወንድሜ ደብተር ይወዳል። እኔ ስቄበት ነበር። ዋጋ ስናወዳድር የረሳነውን ያሳየን ግን ያ ደብተር ነው።

ለምሳሌ መኪናዋ ወጪዋን ሸፍና በቀን 4,000 ብር ታስገባለች እንበል። የራሳችሁን ቁጥር ተኩበት። አራት ቀን ስትቆም 16,000 ብር ሄደ። ለጥሩው ሥራ 15 የሥራ ቀን ብትቆም 60,000 ሄደ። ይህ ጋራዡ ከጠራው ዋጋ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በጣም የረከሰ ይመስላል። እንደኛዋ በየዓመቱ ብትመለስ ግን በአምስት ዓመት 20 ቀን ትቆማለች፤ 80,000 ብር። የቀቢው ክፍያ አምስቴ መሆኑን ሳንጨምር።

በዓመት ውስጥ ልትሸጧት ካሰባችሁ ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። ያኔ ፖሊሽ አድርጋችሁ፣ ካሶኒውን በብሩሽ አድሳችሁ ሽጧት። ገዢው ማግኔት ይዞ ከመጣ አዲስ ቀለም ራሱ ያስጠረጥራል፤ «ምን ደብቃ ነው የተቀባችው?» ይላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ካስወደደ ወዲህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ዋጋዋን ይዛለች። ለመሸጥ ብላችሁ ብዙ አትልፉ።

ቀኑን የመቀነሻ አንድ ዘዴ አለ። ሞተር የሚታደስበትን ጊዜ ጠብቁ። ሞተሩ ወርዶ ሜካኒኩ ጋ እያለ ጋቢናው ባቲላሜራው ጋ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ሥራ የሚያቆሟት አንዴ ነው።

ከመስማማታችሁ በፊት

አሮጌው ቀለም ምን እንደሆነ ፈትሹ። ነጭ ጨርቅ ቲነር አስነክታችሁ የማይታይ ቦታ ላይ እሹት። ቀለሙ እየሟሟ ጨርቁን ከያዘው ናይትሮ ነው። በናይትሮ ላይ ባለ ሃርድነር በቀጥታ ሲረጭ ሥሩ ያለው ይነሳና እንደ አሮጌ ቆዳ ይጨማደዳል። ገና ባልጠነከረ ሲንቴቲክ ላይ ናይትሮ ሲረጭም ያው ነው። አራት አምስት ጊዜ የተቀባች መኪና ከሆነች እስከ ብረቱ ማንሳት ይሻላል። ጉልበቱ ይጨምራል፤ ግን በሌላ ሰው ስሕተት ላይ አትቀቡም።

ዋጋውን ለሁለት አስከፍሉት፤ ጉልበት ለብቻ፣ ዕቃ ለብቻ። የሚቻል ከሆነ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። ቀለሙን፣ ሃርድነሩንና ቲነሩን ከአንድ ዓይነት ግዙ። ሃርድነር ከሌላ ብራንድ ተቀላቅሎ ያልጠነከረ ቀለም አይቻለሁ፤ ከሳምንት በኋላም በጥፍር ይጫር ነበር። የቀለሙን ኮድ ፋብሪካው መኪናዋ ላይ ከለጠፈው መለያ ሳህን ላይ አንብቡ፤ ለምሳሌ የቶዮታ ነጭ 040 እንደሚባለው ማለት ነው። «ነጭ» ብቻ ብላችሁ ከገዛችሁ አሥር ዓይነት ነጭ አለ።

ከዚያ ጥያቄ። የፊት መስታወቱ ይወጣል? የዛገው ይቆረጣል ወይስ ይለሰናል? ፕራይመሩ ስንት ዙር ነው? ኮምፕሬሰሩ ውኃ ማጣሪያ አለው? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ውኃ ከአየሩ ጋር ከወጣ ቀለሙ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል። ቀቢው «ኧረ እናንተ ዝም ብላችሁ እመኑን» ካለ ጨዋታው ጥሩ ነው፤ ግን ሌላ ጋራዥ እዩ።

በየደረጃው ክፈሉ። ላሜራው ሲያልቅ ሄዳችሁ እዩ፤ ከስቱኮ በፊት ማለቴ ነው። የምትከፍሉበትን ነገር በዓይናችሁ የምታዩበት ብቸኛው ቀን ይህ ነው። ፎቶ አንሱ። እኛ ሁለተኛውን ጊዜ ያደረግነው ይህንን ነው፤ ባቲላሜራው መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ግን ሥራውን እየዞረ ራሱ ያሳየን ነበር።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ይሁን። በክፍት ግቢ የሚረጭ ከሆነ ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ፣ መሬቱ ውኃ ተርከፍክፎበት።

ስለ ቀቢውም አንድ ቃል። በባለ ሃርድነር ቀለም ውስጥ ያለው ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል፤ አስም ያስይዛል። አፍ ላይ የታሰረ ሻርፕ ወይም ተራ የአቧራ ጭንብል አያግደውም። ደህና መተንፈሻ ጭንብል ያለው ጋራዥ ትንሽ ቢወደድም ያንን ምረጡ። ስለ ሠራተኛው የሚያስብ ጋራዥ ብዙውን ጊዜ ስለ ሥራውም ያስባል።

ቀለም ልትለውጡ ካሰባችሁ ሊብሬዋን አውጡ። ቀለሟ እዚያ ተጽፏል። ነጯን ሰማያዊ አድርጋችሁ ለቦሎ ስትሄዱ ጣጣ ነው። መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ፤ ወይም እንደኛ ነጭ ሆና ትቅር። በር ላይ ያለው የባለንብረት ስምና የጭነት መጠን ጽሑፍም ይጠፋልና የጸሐፊውን ዋጋ ከአሁኑ አስቡ። ከኋላ የሚጻፈው ጥቅስ ላይ እኔና ወንድሜ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ባዶ ነው።

ስትረከቡ

በጨለማ አትረከቡ። ፀሐይ ላይ አውጧት፤ ወደ ጎን ጎንበስ ብላችሁ በቀለሙ ላይ የምታዩት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቀጥ ካለ ላሜራው ቀጥ ብሏል። ከተጣመመ ስቱኮው አልተፈገፈገም። የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጋችሁ ቀለሙ የት ላይ እንደቆመ እዩ። የበሩ ታችኛው ውኃ ማውጫ ቀዳዳዎች በስቱኮ ወይም በቀለም አለመደፈናቸውን በሽቦ ሞክሩ። ይህችን ነገር ማንም አያያትም፤ በሩ ግን ከውስጥ የሚበሰብሰው ውኃው መውጫ ሲያጣ ነው።

ባለ ሃርድነር ከሆነ ቢያንስ ለሳምንት በግፊት ውኃ አታሳጥቧት። ሲንቴቲክ ከሆነ ሦስት አራት ሳምንት ታገሱ፤ ሸራ ስታስሩም ገመዱ ቀለሙን እንዳይነካ። ሙጫ ያለው ማስታወቂያም አሁን አትለጥፉ።

የተረፈውን ቀለም አትተዉት። ሃርድነር ያልገባበት ግማሽ ሊትር በጥብቅ ቆርቆሮ ከድናችሁ፣ ኮዱንና የሃርድነሩን መጠን ላዩ ላይ ጽፋችሁ ውሰዱ። የኛ ቆርቆሮ ከወንድሜ አልጋ ሥር ነው። በተረከብን በስምንተኛው ቀን አንዱ ጫኝ አካፋውን በሩ ላይ ሲያስደግፍ ከፍተነዋል።